ሂሊየም-3 ከጨረቃ፦ በሰዓት 100 ቶን አፈር ስንት ግራም ይወጣዋል?

ጀማሪ መካኒክ፦
የሲያትሉ ኩባንያ ኢንተርሉን ከማሽን አምራቹ ቨርሚር ጋር ሆኖ በሰዓት 100 ቶን የጨረቃ አፈር እንዲዝቅ የታሰበ ማሽን ናሙና እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 አሳይቷል። የሚፈልጉት ሂሊየም-3 ነው፤ በምድር ላይ ብርቅ የሆነ ቀለል ያለ የሂሊየም ዓይነት። ከ100 ቶኑ ምን ያህል ይገኛል? የሚከብደውስ ቁፋሮው ነው ወይስ ጋዙን ማውጣቱ?

ጋዝና ሙቀት፦
በቲታኒየም በበለጸገ የጨረቃ ባሕር (ከምድር ጠቁሮ የሚታየው ደረቅ ሜዳ) አፈር ከአንድ ቢሊዮን እጅ 10 እጁ ሂሊየም-3 ነው ብለህ ያዝ። ከ100 ቶን 1 ግራም ይወጣል ማለት ነው፤ ምንም ካልባከነ! በጋዝነቱ 7.5 ሊትር ይሆናል። ለአንድ ኪሎ 100,000 ቶን መዛቅ አለብህ።

የሚከብደው ሙቀቱ ነው። ጋዙ በደንብ የሚለቀው አፈሩ 700 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በሰዓት 100 ቶን እዚያ ለማድረስ 17 ሜጋዋት ገደማ ይፈጃል፤ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን ልሰብስብ ብትል 12,500 ካሬ ሜትር መስታወት ትዘረጋለህ። ስለዚህ ሥራውን ጨርሶ የሚወጣው ትኩስ አፈር ሙቀቱን ለሚገባው ቀዝቃዛ አፈር ማስረከብ ግዴታው ነው። 85 በመቶው ከተመለሰ ፍጆታው ወደ 2.6 ሜጋዋት ይወርዳል። ችግሩ አየር በሌለበት አፈሩ ሙቀት ማስተላለፍ አይወድም፤ ከምረህ ብታሞቀው ዳሩ ነዶ መሃሉ ቀዝቃዛ ይቀራል። በስሱ እየፈሰሰ በቱቦዎች መካከል ማለፍ አለበት።

ዶዘር፦
ቁፋሮውም ቀላል አይደለም ወንድሜ። እዚህ ምድር ላይ ማሽን የሚቆፍረው በክብደቱ ተጭኖ ነው። ጨረቃ ላይ 10 ቶን ማሽን መሬቱን የሚጫነው እዚህ 1.7 ቶን እንደሚጫነው ብቻ ስለሆነ፣ አካፋውን ሲገፋ ራሱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ናሳ አይፔክስ በተባለው 30 ኪሎ ገደማ በሚመዝን ሮቦቱ የፈታበት መንገድ ሁለት ከበሮዎችን በተቃራኒ አቅጣጫ ማሽከርከር ነው፤ የአንዱ ግፊት የሌላውን ያጠፋዋል።

ከዚያ አቧራው አለ። ንፋስና ውኃ ስላላለሰለሰው እንደ ስባሪ ጠርሙስ ስለታም ነው፣ ኤሌክትሪክም ተሸክሞ ያገኘው ላይ ይለጠፋል። ተራ የጎማ ፓራዮል (በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ቆሻሻ እንዳይገባ የሚዘጋ ቀለበት) እዚያ አይበቃም፤ አቧራው አንዴ ካለፈ ኩሽኔታውን (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ተሸካሚ) ይበላዋል። ጥገና የሚሄድ ሰው ስለሌለ የሚሽከረከር አካል ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ጀማሪ መካኒክ፦
ከማሞቁ በፊት በወንፊት ብንለየውስ?

ጋዝና ሙቀት፦
ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው የነካኸው። ሂሊየሙን ያመጣው የፀሐይ ነፋስ (ከፀሐይ የሚፈስ የቅንጣቶች ጅረት) ስለሆነ የሚቀመጠው በቅንጣቷ ገጽ ላይ ነው፤ ደቃቁ አፈር ደግሞ ከሸካራው ይልቅ ብዙ ገጽ አለው። ግማሽ ያህሉ አፈር ከ0.07 ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ሸካራውን ጥለህ ደቃቁን ብቻ ብታሞቅ የሙቀት ወጪው በግማሽ ይቀንሳል። ግን ደቃቁ እርስ በርሱ ተጣብቆ የወንፊቱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ በአየር ማበጠርም አየር ስለሌለ አይሆንም። እኔ በንዝረትና በኤሌክትሪክ መለየቱን እመርጣለሁ። አፈሩን በኃይል ካመስከው ግን ጋዙ ከምድጃው በፊት ያመልጣል፤ ስለዚህ ማናወጡ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከእያንዳንዱ ግራም ሂሊየም-3 ጋር 3 ኪሎ ገደማ ተራ ሂሊየም ይወጣል። ሁለቱን ለመለየት ከፍጹም ዜሮ (ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) በላይ 2 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ማቀዝቀዝ ይጠይቃል። ያንን ማቀዝቀዣ ጨረቃ ላይ ከመትከል ድብልቁን ጭኖ ምድር ላይ መለየት ይቀል ይሆን? የጭነቱ ዋጋ ነው የሚወስነው።