ለንደን ውስጥ ካፌዬ ደጅ ላይ ወንበር ለማውጣት ምን ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ባለካፌዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ካፌ ከከፈትኩ አምስት ወሬ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው የለምና ሁለት ጠረጴዛና አራት ወንበር ደጅ አወጣሁ። ባለፈው ሳምንት ከካውንስል (ከአካባቢው አስተዳደር) አንድ ሰው መጥቶ «ፈቃድሽ የታለ?» ብሎ ሁሉንም አስነሳኝ። ከግድግዳዬ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ 3.40 ሜትር አለ። ይበቃል? ስንትስ ያስከፍላል? ረከቦቱንም ባወጣው ደስ ይለኝ ነበር።

የድሮ ነጋዴ፦ አይዞሽ እህቴ። የሚያስፈልግሽ «ፔቭመንት ላይሰንስ» የሚሉት፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ጠረጴዛና ወንበር ማውጫ ፈቃድ ነው። በኮቪድ ጊዜ በ2020 ለጊዜው ብለው አመጡት፣ ከማርች 2024 መጨረሻ ጀምሮ ቋሚ ሆነ። የሚሰጠው ካውንስልሽ ነው፤ ለአዲስ አመልካች ከ500፣ ለእድሳት ከ350 ፓውንድ በላይ መጠየቅ አይችልም። ቢበዛ ለሁለት ዓመት ያገለግላል። ማመልከትሽን የሚገልጸውን ማስታወቂያ ባመለከትሽበት ቀን መስኮትሽ ላይ ለጥፊ! እኔ ረስቼው እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ። 14 ቀን ለሕዝብ አስተያየት፣ ሌላ 14 ቀን ለውሳኔ ነው። በዚያ ውስጥ ካልወሰኑ እንደተፈቀደ ይቆጠራል።

ሜትር ያዡ፦ 3.40ውን ተይው። የሚለካው ሰው የሚያልፍበት ነው። ደጅሽ ላይ የመብራት ፖል ወይ ዛፍ አለ?

ባለካፌዋ፦ ፖል አለ። አሁን ወጥቼ ለካሁት፣ ከግድግዳው 2.70 ነው።

ሜትር ያዡ፦ አየሽ፣ ሰባ ሳንቲ ሜትር ሄደ። በመመሪያው 1.50 ዝቅተኛው ነው፣ የሚመረጠው ግን 2 ሜትር። ወንበሮቹን ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አታዙሪያቸው፤ ሰው ሲቀመጥ ወደ ኋላ ይገፋቸዋል፣ እግሩንም ይዘረጋል። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠረጴዛ ግድግዳው ጋ አስጠግተሽ ወንበሮቹን ግራና ቀኝ አድርጊ። 2 ሜትሩ ይተርፍሻል። ከማመልከቻው ጋር የምታስገቢው ፕላን ላይ ፖሉንም ሣይው፤ ከደበቅሽው መጥተው ያዩታል።

እናት፦ እኔ የምለው ሌላ ነው። አማቴ ዓይነ ስውር ናቸው፣ ግድግዳውን በዘንጋቸው እየነኩ ነው የሚሄዱት። ወንበር አንድ ቀን እዚህ ሌላ ቀን እዚያ ከሆነ ይደናገራሉ። የመረጥሽው ቦታ አይቀያየር፣ ማታም አስገቢው። አጫሽ ካለብሽ ደግሞ ሲጋራ የማይጨስበት መቀመጫ መለየት ግዴታ ነው።

የድሮ ነጋዴ፦ ረከቦቱን ፕላኑ ውስጥ አስገቢና ጠይቂ፤ ከሰሉን ግን በእኔ ይሁንብሽ ተይው። መንገደኛ ሕፃን አጠገብ ፍም! ቡናውን ውስጥ አፍልተሽ ጀበናውን ብቻ ይዘሽ ውጪ።

ባለካፌዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የጎረቤቴ ፀጉር ቤት የቆመ ሰሌዳ ልክ 2 ሜትሩ ላይ ነው ያለው።

ሜትር ያዡ፦ ከማመልከትሽ በፊት ቡና ጥሪው።