ሕልሟ ሲቀየር፦ ለክረምቱ መጽሐፋችን የጋራ ዕቅድ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዕቅዱ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። ሐሳቡ ይኼ ነው፦ በጅማ ዞን ያለችው የማና ወረዳ ልጅ የሆነች አንዲት ልጅ፣ ከ10 ዓመቷ እስከ 17፣ ለሁለተኛ ደረጃ ጅማ ከተማ የምትገባ። ሕልሟ ሁለት ጊዜ ይቀየራል። ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ሴቶች የሚሆን አጭር ልብ ወለድ ነው። ጨምሩበት።

መምህርቷ፦ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። የሕልሟ መቀየር እንደ ሽንፈት አይጻፍ። ትንንሾቹን ተማሪዎቼን ስጠይቅ ሁሉም "ዶክተር" ይላሉ። ከፍ ሲሉ ስጠይቃቸው ዝም ነው። ታሪኩ እዚያ ዝምታ ውስጥ ይግባልን።

ጋሼ፦ ልክ ነሽ ልጄ። ግን አንባቢዋ ተስፋ ትፈልጋለች። መጨረሻ ላይ ዶክተር ትሁን።

ወጣቱ ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ትሁን ካሉም ትሁን፤ ግን በ10 ዓመቷ ያ ሕልም የአባቷ ነው። 13 ሲሞላት ይታየኛል። ኅዳር ነው። ከእናቷ ጋር እሸት ቡና ይዘው ለነጋዴ ሊሸጡ ይሄዳሉ። ጎረቤት ሚዛን ላይ 18 ኪሎ የነበረው ነጋዴው ሚዛን ላይ 15 ይሆናል። እናቷ ምንም አትልም። ልጅቷ ማታ በኩራዝ 3 ኪሎውን በዋጋው ታባዛለች። ከዚያ ወዲያ የምትወደው ትምህርት ሒሳብ ነው።

መምህርቷ፦ ይኼን ነው የምፈልገው! "አደገች፣ በሰለች" የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳይገባ ዕቅዱ ላይ ይጻፍልኝ። ስታባዛ ካየናት ይበቃል።

ጋሼ፦ አሳመናችሁኝ። እናትየዋ ግን ለምን ዝም አለች? እኔ እንዲህ ያሉ እናቶችን አውቃለሁ። ነጋዴው ክረምት ላይ፣ ቤት ውስጥ እህል ሲያልቅ፣ አበድሯቸዋል። ልጅቷ ፍርሃት ነው ብላ ተቀይማት ኖራለች። በ17 ዓመቷ ዕዳ እንደነበር ትወቅ። ያን ምዕራፍ ለእኔ ስጡኝ።

ከማና የመጣችው አባል፦ ልጅቷ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው። መጽሐፉ በአፋን ኦሮሞም አብሮ ካልታተመ እኔ አልስማማም። ትርጉሙን እኔ እሠራለሁ።

ሰብሳቢ፦ ተመዝግቧል፤ በሁለቱም ቋንቋ ይታተማል። 10 ዓመቷ ለመምህርት፣ 13 ለወጣቱ፣ 17 ለጋሼ። ሦስተኛው ሕልምስ ምን ይሁን?

መምህርቷ፦ እሱን አሁን አንወስን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ለተማሪዎቼ ላንብብላቸውና እነሱ ይንገሩን።

ጋሼ፦ እኔም መጥቼ ልስማቸው።

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን።