የኤርፈርት ዩኒቨርሲቲ እድሜ ከየት ይቆጠር?

ስለ ጀርመኑ ኤርፈርት ዩኒቨርሲቲ ለክፍል የማቀርበው አጭር ጽሑፍ አለኝ። መግቢያው አላላውስ ብሎኛል። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዩኒቨርሲቲውን ለማቋቋም የካቶሊክ ጳጳሱ (ፖፕ) ፈቃድ የተሰጠው በ1379 ነው፤ ትምህርት የተጀመረው ግን በ1392። ማርቲን ሉተር በ1501 ገብቶ ተምሮበታል። የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው የከተማው ልጅ ሂዮብ ሉዶልፍም እዚያ ተምሯል፤ ይሄ ለኛ ቀላል ነገር አይደለም። በ1816 ፕሩሲያ የተባለችው የያኔዋ የጀርመን መንግሥት ዘጋችው። በ1994 እንደገና ተመሠረተ። የዛሬው ትኩረቱ ሂዩማኒቲስና ማኅበራዊ ሳይንስ ነው፤ እንደ ድሮው የሕክምና ፋኩልቲ የለውም።

ሁሉንም ዓመት ደርድሬ ሞከርኩ፤ አንባቢን ግራ ያጋባል። 1392ን ብቻ ስጽፍ ደግሞ 178 ዓመት ተዘግቶ መኖሩ ይሸፈናል። የዩኒቨርሲቲ ታሪክ የጻፋችሁ፣ የምሥረታ ዓመት ብላችሁ የትኛውን ትይዛላችሁ?