ኒሞኮከስ በየሳምንቱ እየሞተብኝ ተቸገርኩ

ሰላም ለሁላችሁ። የሜዲካል ላብራቶሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ ከልጆች አፍንጫ ከወሰድኩት ናሙና ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒያን (ኒሞኮከስን)፣ ያንን የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር አምጪ ባክቴሪያ፣ እያሳደግኩ ነው። ማሳደጉ ላይ ችግር የለም። 5 በመቶ የበግ ደም ባለው አጋር (ጄል መሰል የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ እዘራዋለሁ፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተር ስለሌለን ሻማ ለኩሼ ክዳኑ በሚገጥም ማሰሮ ውስጥ ዘግቼ 37 ዲግሪ ላይ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ዙሪያው አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቀኛል። ይህን ባክቴሪያ ለመለየት የሚቀመጠው የኦፕቶኪን ዲስክም (መድኃኒት የተነከረ ትንሽ ክብ ወረቀት) ዙሪያውን 16፣ 17 ሚሊሜትር ስለሚያጸዳ ማንነቱ አያጠራጥርም።

ጣጣው ማቆየቱ ላይ ነው። ይሄ ጉደኛ ፍጥረት በገዛ ኢንዛይሙ ራሱን ያፈርሳል። በሁለተኛው ቀን የኮሎኒው መሃል ይሰምጣል፤ ቅዳሜና እሁድ ካለፈበትማ ሰኞ ወደ አዲስ ሳህን ባዛውረውም ምንም አይበቅልም። በየቀኑ ማዛወር ሞከርኩ፣ ሁለቱ በሌላ ባክቴሪያ ተበከሉብኝ። ከዚያ 20 በመቶ ግሊሰሪን ባለው ብሮዝ (ፈሳሽ ማሳደጊያ) አድርጌ ሚነስ 20 ፍሪዘር ውስጥ ከተትኳቸው። መብራት ሁለቴ ጠፋ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሳወጣቸው ከ12ቱ 9ኙ አልነሳም አሉ። ሚነስ 80 እኛ ጋ የለም። የመድኃኒት መቋቋም ምርመራውን ደግሞ ዲስኮቹ ስላልደረሱ የምሠራው ገና ከሁለት ወር በኋላ ነው።

በተራ ፍሪዘር ወይም ጭራሽ ያለ ፍሪዘር ይህን ባክቴሪያ ሁለት ወር በሕይወት ያቆያችሁ ካላችሁ፣ በምን ላይ አድርጋችሁ፣ እንዴት ነው ያስቀመጣችሁት?