ክርክር፦ ተማሪ ክረምቱን ርቆ ሄዶ ይሥራ ወይስ ወደ ቤቱ ይግባ?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬውን ጥያቄ ያመጣው አንድ አባላችን ነው። ታናሽ ወንድሙ ጎንደር ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ወላጆቻቸው ደቡብ ጎንደር ገጠር ውስጥ ይኖራሉ። ልጁ "ግቢው ሲዘጋ ቤት አልገባም፤ ከጓደኞቼ ጋር መተማ ወርጄ ሰሊጥ አርማለሁ፤ ከማገኘው ላይ ትንሽ አንሥቼ ላሊበላን አይቼ እመለሳለሁ" ብሏል። አባት በጭራሽ ብለዋል። ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ ሰፋ አድርገን እናንሣው። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው በክረምት ርቀው ሄደው እንዲሠሩ ማደራጀት አለባቸው? ወይስ ተማሪ ክረምት ሲሆን ወደ ወላጆቹ ይግባ? መዘላለፍ የለም። ያያችሁትንና የምታውቁትን ጻፉ።

ታላቅ ወንድም፦
ልጁን እደግፈዋለሁ። ግቢው ምግብና ዶርም ይሰጠዋል፤ ለዚያም ኮስት ሼሪንግ (ተመርቆ ሲሠራ የሚከፍለው የወጪ መጋራት) ፈርሟል። ግን ኮፒ አለ፣ ሳሙና አለ፣ የስልክ ካርድ አለ፣ ትራንስፖርት አለ። አባታችን የሚልኩለት ከዶሮና ከእንቁላል የተገኘ ብር ነው። ልጁ ይህን እያየ ነው ያደገው። ሠርቶ ራሱን ልቻል ማለቱ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስቆጣ አይደለም። ደግሞ ከሰፈራችንና ከግቢው በቀር አገር አያውቅም።

የአራት ልጆች አባት፣ ምሥራቅ ጎጃም፦
ልጁን አልወቅሰውም። ግን ክረምቱ የማን ነው? ሐምሌና ነሐሴ ለእኛ ለአርሶ አደሮች ዕረፍት አይደለም። ጤፍ የሚዘራው፣ በቆሎ የሚኮተኮተው፣ አረም የሚነቀለው ያኔ ነው። ልጄ የሰው ሰሊጥ ሊያርም ቆላ ቢወርድ እኔ የራሴን ጤፍ ሰው ቀጥሬ ላሳርም ነው። እሱ ያመጣውን ብር እኔ እዚህ ከፈልኩት ማለት ነው። ትርፉ የት አለ? እናቱም አለች። ዓመቱን ሙሉ ፍልሰታንና ቡሄን የምትጠብቀው እሱን ለማየት ነው።

ታላቅ ወንድም፦
አባባ፣ የእርስዎ ይገባኛል። የእኛ አባት ግን መሬታቸው ጥቂት ነው። ሁለቱ ታናናሾቼ ይበቁታል። ሦስተኛ ሰው ቢጨመር ተራ ጠብቆ መኮትኮት ነው የሚሆነው።

የእርሻ ካቦ፣ ቋራ፦
ስለ ሥራው እኔ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው በወሬ ነው የሚያውቀው። ሰሊጥ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይዘራል። አረሙ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጎንበስ ብለህ መስመር ይዘህ ትሄዳለህ። መሬቱ ጥቁር አፈር ስለሆነ ዝናብ ሲመታው ጭቃው እግርህ ላይ ይለጠፋል፤ ጫማ አይችለውም። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ወበቁ ትንፋሽ ያሳጥራል። ከደጋ የመጣ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ወገቡን ይዞ ነው የሚያድረው። ማደሪያው በላስቲክ የተሸፈነ ዳስ ነው፣ አንዳንዱም ዛፍ ሥር ይተኛል። ምግብ አሠሪው ይችላል፤ ግን ሥራ ከመጀመርህ በፊት ለመንገድ የወሰድከው ብር ከደሞዝህ ላይ ይቆረጣል። ተማሪዎቹ ይህን የሚያውቁት ሒሳብ ሲሠራ ነው።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ደህና ብር ያለው አረሙ ላይ አይደለም፣ አጨዳው ላይ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም። ፍሬው ቆባው ተከፍቶ ይረግፋል። ስለዚህ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ሁሉም ባለ እርሻ በአንድ ጊዜ ሰው ይፈልጋል፣ ዋጋው በየቀኑ ይወጣል። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ ተደርጎ (ነዶው እንዲደርቅ ተደጋግፎ) እስኪቆም ድረስ ባለቤቱ እንቅልፍ የለውም። ያኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ይጠራል። ሐምሌ የመጣው ተማሪ "ሁለት ሳምንት ብቻ ልጨምር" ይላል። ምዝገባው ያልፈዋል። እንዲህ ሆነው ዓመት ያቃጠሉ ልጆች አይቻለሁ። ለተማሪ የምመክረው አንድ ነው፦ የምትመለስበትን ቀን ሳትቆርጥ አትውረድ።

የሬጅስትራር ሠራተኛ፦
ይህን እኛም በየዓመቱ እናየዋለን። ልጁ ዘግይቶ ይመጣል፣ ዊዝድሮው (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ) ካልሞላ ስሙ ከዝርዝር ይወጣል። ምክንያቱን ሲጠየቅ "ታምሜ ነበር" ይላል። ሥራ ላይ ነበርኩ ማለት ያፍራሉ ወይም ይፈራሉ። ግቢው ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ በስልክ ይጠራ ነበር።

ሲስተር፣ ጎንደር፦
እባካችሁ የጤናውን ነገር አትርሱ። ወባ ሁሉም ያውቃል። ካላዛርን ግን ከደጋ የሚመጡ ልጆች ስሙንም አልሰሙም። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው። ከትንኝ በጣም ያንሳል፣ ድምፅ የለውም፣ በተራ አጎበር ቀዳዳ ያልፋል። የጥቁር አፈር ስንጥቅና የግራር ሥር ቤቱ ነው። ዛፍ ሥር የሚተኛ ሰው ራሱን አቀረበለት ማለት ነው።

አደገኛነቱ ቶሎ አለመታወቁ ላይ ነው። ከተነከሰ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ነሐሴ ላይ የተነከሰ ልጅ ጥር ላይ ዶርሙ ውስጥ ሆኖ ነው ትኩሳቱ የሚጀምረው። የግቢው ክሊኒክ የወባ ወይም የታይፎይድ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ አይሻለውም። ይከሳል፣ ሆዱ ከግራ በኩል ያብጣል፤ ያበጠው ጣፊያው ነው። ካልታከመ ይገድላል። የሚያናድደኝ መድኃኒቱ መኖሩ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በነጻ ይታከማል። ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ደም ይጀመራል፤ ሕክምናው በተለመደው አሠራር 17 ቀን መርፌ ነው። ልጁ "ክረምት መተማ ነበርኩ" ካላለ ግን ሐኪሙ በምን ያውቃል?

ጥያቄውን ላመጣኸው ወንድሜ ደግሞ ይህን ልጨምርልህ። ደቡብ ጎንደር ስላልክ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ የካላዛር ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞቷል። ቀድሞ በሽታው የማይታወቅበት አገር ነበር። ከቆላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት አይቀርም ነው የተባለው። አባትህ በጭራሽ ያሉት ምናልባት ያንን ዘመን አይተው ይሆናል፤ ጠይቃቸው።

ታላቅ ወንድም፦
ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ሊቦ ከምከም አላውቅም ነበር። እጠይቃቸዋለሁ።

ጋሼ ዘማች፣ አዲስ አበባ፦
እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ተማሪን ርቆ እንዲሠራ መላክ አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ተደነገገ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ነው የሄዱት። በ1967 ደግሞ ደርግ ተማሪን ወደ ገጠር የላከበት የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ። ወደ 60,000 የምንሆን ተማሪዎችና መምህራን ዘመትን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ሌሊት በኩራዝ ፊደል አስቆጥረናል፣ ጉድጓድ ቆፍረናል፣ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ጸሐፊ ሆነናል። ገበሬ ምን በልቶ እንደሚያድር ያየሁት ያኔ ነው።

ግን ሁለቱንም ልበል። እኛን ማንም ፈቃዳችንን አልጠየቀም። ሳይመለሱ የቀሩ ጓደኞችም ነበሩን። ስለዚህ በግድ የሚባለውን አልደግፍም። ያኔ የነበረ አሁን የሌለ ነገር ቢኖር መዝገብ ነው። ማን የት ጣቢያ እንዳለ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ልጁ መተማ ሲወርድ የሚያውቀው ደላላው ብቻ ነው።

መንገደኛ፦
ጋሼ፣ መዝገቡ ከእገታ ያድናል? በሰኔ 2016 መጨረሻ ከመቶ በላይ መንገደኞች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል። ብዙዎቹ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በ2012 የታገቱትን የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የረሳ የለም። የጎንደር መተማ መንገድም ያው ነው። እኔ ወላጅ ብሆን አልልክም። የሰሊጥ ብር ለማስለቀቂያ አይበቃም።

የሆቴል ማኔጅመንት ተማሪ፣ ባሕር ዳር፦
ወንድሜ መንገደኛ፣ ስጋትህ እውነት ነው። ግን የጠራሃቸውን ልጆች ልብ በላቸው። የደባርቆቹም የደምቢ ዶሎዎቹም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው የታገቱት። "ወደ ቤትህ ግባ" የሚለውም ያንኑ መንገድ ነው የሚያስኬደው። መንገዱ ይጠበቅ ማለት አንድ ነገር ነው፣ ልጁ አይሥራ ማለት ሌላ።

እኔ ባለፈው ክረምት ሐዋሳ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ሠርቻለሁ። ቤተሰቦቼ ደብረ ታቦር ናቸው። ወንድሜ አዲስ አበባ ሳይት ላይ ሲሠራ ማንም አልጠየቀውም። እኔ ለመሄድ አክስት፣ አጎት፣ የንስሐ አባት ሁሉ ተሰብስበዋል። ሄድኩ። ሥራውን ወደድኩት። ግቢ በወረቀት የተማርኩትን ክፍል አያያዝ እዚያ በእጄ ሠራሁት። እንግዳ ሌሊት ደክሞት ሲመጣ እንዴት እንደሚቀበሉት መምህር አይነግርህም። የመጨረሻውን ወር ደሞዝ ግን ከለከሉኝ። ውል አልነበረኝም። "ተማሪ ነሽ፣ ለልምድ ነው የመጣሽው" ተባልኩ። ክፍል መጀመሩ ነውና ትቼው መጣሁ። ግቢዬ ስለማያውቀኝ ማንን ይዤ ልከራከር?

የሕግ ባለሙያ፦
እህቴ፣ ያለ ጽሑፍ የተያዘ ውልም ውል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናውን ነገር ጽፎና ፈርሞ ይሰጥሻል። ባይሰጥሽም መብትሽ አይቀርም። ግን የደሞዝ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል። የሐምሌ ወይም የነሐሴ ደሞዝ ከሆነ ቀኑን ቁጠሪ፤ ገና ካልሞላ ነገ ሂጂ። የሥራ ሰዓት የተያዘበት ፎቶ፣ የተላከልሽ መልእክት፣ አብረውሽ የሠሩ ሰዎች ሁሉ ማስረጃ ናቸው። ሌላው መታወቅ ያለበት የግል ድርጅት ላይ የደሞዝ ወለል የለንም። ስለዚህ ሳይነጋገሩ መጀመር ለአሠሪው ነው የሚጠቅመው።

እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። ልጄ ኮሌጅ ገብቶ በመጀመሪያው ሰመር "ማሚ፣ ዌስት ሄጄ ፓርክ ውስጥ ሎጅ ላይ ልሠራ ነው" ሲለኝ አለቀስኩ። ለመሥራት ለምን እዚህ አይሠራም? ሄደ። ማደሪያና ምግብ ከደሞዙ ይቆርጡበት ነበር፣ ግን ከመሄዱ በፊት ስንት እንደሚቆረጥ በወረቀት ተጽፎ አይቻለሁ። የሥራ ቦታውን ስልክም ይዣለሁ። ያ ወረቀት ነው እንቅልፍ የሰጠኝ። አገር ቤትና እዚህ አንድ ነው አልልም። ወረቀቱ ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የግቢ መምህር፦
ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ዩኒቨርሲቲ ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ አይደለም። አንድ ልጅ ቢሞት ተጠያቂው ማን ነው? ከ2015 ጀምሮ ተማሪዎቻችን መውጫ ፈተና ይጠብቃቸዋል። ብዙዎቹ ክረምቱን ቢያነቡበት ይሻላል። ኢንተርንሺፕ ለሚያስፈልጋቸው ትምህርት ክፍሎች አለ። ሰሊጥ ማረም ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ምን ይጨምርለታል?

ታላቅ ወንድም፦
መምህር፣ ባከበርኩዎት መጠን ልመልስ። በክረምት በጎ ፈቃድ ተማሪዎች ተደራጅተው የአረጋውያን ቤት ያድሳሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ። መልካም ሥራ ነው። ያኔ ስም ዝርዝርም፣ አስተባባሪም፣ መኪናም ይገኛል። ክፍያ ያለው ሥራ ሲሆን ነው ሁሉም የሚጠፋው። ወንድሜ ኢኮኖሚክስ ነው የሚያጠናው፤ ገምተው ከሆነ አግኝተውታል። ሰሊጥ ዋናው ወደ ውጭ የምንሸጠው የቅባት እህል ነው። የአጨዳ ዋጋ በየቀኑ ለምን እንደሚወጣ ከካቦው የተሻለ ማን ያስረዳዋል? ግቢው ሥራ ይፈልግለት አላልኩም። የምለው ይህ ነው፦ ልጁ የት እንደሚሄድ፣ የአሠሪው ስልክ፣ የሚመለስበት ቀን በአንድ ገጽ ይመዝገብ። ሲመለስ ክሊኒኩ "ክረምት የት ነበርክ?" ብሎ ይጠይቀው። ይህ ኤጀንሲ መሆን ነው?

ሲስተር፣ ጎንደር፦
የክሊኒኩን ጥያቄ እኔ ዛሬውኑ እፈርምበታለሁ።

የግቢ መምህር፦
ያን ያህሉን አልቃወምም። የተማሪዎች ኅብረት ቅጹን ያዘጋጅ፣ ዲኑ ጋ እኔ አደርሰዋለሁ። ኃላፊነት የሚል ቃል ግን እንዳይገባበት።

የሕግ ባለሙያ፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ኃላፊነቱ የአሠሪው መሆኑ በግልጽ ይጻፍበት። ካልተጻፈ ቅጹ ለማንም አይጠቅምም።

የአራት ልጆች አባት፣ ምሥራቅ ጎጃም፦
እንዲህ ያለ ወረቀት ካየሁ እኔም ልቤ ይራራ ይሆናል። ግን ሐምሌን ከእኔ ጋር ይሥራ፣ ቡሄን ከእናቱ ጋር ይዋል፣ ከዚያ ይሂድ።

የእርሻ ካቦ፣ ቋራ፦
አባባ፣ ከቡሄ በኋላ የሚመጣ የአረሙ ማብቂያ ላይ ነው የሚደርሰው። ሥራው አልቆ ሰው የሚበዛበት ጊዜ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ወይ ሐምሌ መጀመሪያ ይምጣ ወይ ከእርስዎ ጋር ይክረም።

የሆቴል ማኔጅመንት ተማሪ፣ ባሕር ዳር፦
ካቦ፣ አንድ ጥያቄ። ሴት ተማሪ መጥታ ላርም ብትል የት ታድራለች?

የእርሻ ካቦ፣ ቋራ፦
እኛ ጋ ያለው አንድ ዳስ ነው። ለሴት የተለየ ማደሪያ የለንም። ምግብ የሚያበስሉት ሴቶች ማጀቱ ውስጥ ነው የሚተኙት። መዝጊያ የለውም።

የሆቴል ማኔጅመንት ተማሪ፣ ባሕር ዳር፦
እንግዲያው ቅጹ ላይ "ማደሪያው በር አለው ወይ?" የሚል መስመር ይጨመር። ለምታበስለዋም ለተማሪዋም። ረቂቁን እኔ እጽፈዋለሁ፣ ነገ እዚሁ እለጥፋለሁ።