ፒኤስ 4 ዩዝድ ልያዝ ወይስ ፓክድ? ቶሎ በሉኝ፣ ሁለት ሰው መልስ እየጠበቀኝ ነው

ቀበና ዳገት፦
ሰላም ጀለሶች። ካሉኝ ሁለት ፒኤስ (ፕሌይስቴሽን) ማሽኖች አንዷ ሞታብኛለች። ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ፒኤስ ቤቴ ጢም ብሏል፤ ልጆቹ በቀረችው አንዷ ተራ እየጠበቁ ሊቧቀሱ ምንም አልቀራቸውም። ሁለት ነገር ቀርቦልኛል። ስታዲየም ጋ አንድ ልጅ ዩዝድ ስሊም (ቀጭኑ ሞዴል) አለኝ ብሏል፤ 34 ሺህ፣ ከሁለት ጆይስቲክ ጋር፣ ጌም የተጫነበት። አንድ ደላላ ደግሞ መርካቶ ፓክድ (ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ) አለ፣ 52 ሺህ፣ ቀብድ ካልላክህ እስከ ማታ አይቆይልህም ይላል። የቱ ይሻለኛል? ዛሬውኑ ነው የምፈልገው።

የሳሪሱ፦
ዩዝድ። ምን ያስጨንቅሃል?

ጆይስቲክ አልሰጥም፦
ፓክድ። ዩዝድ ማለት የሰው ጣጣ በገንዘብህ መግዛት ነው።

ባለ ብሎን፦
ቆይ፣ ቆይ። «ሞታለች» ማለት ምን ማለት ነው? ጭራሽ አትበራም? በርታ ትጠፋለች? ሞዴሏስ?

ቀበና ዳገት፦
ትበራለች። ቢፕ ትላለች፣ መብራቷም ነጭ ሆኖ ይቆማል። ቲቪው ግን «ኖ ሲግናል» ነው የሚለው። ስሊም ናት። ጥያቄዬ ግን ስለ መግዛት ነው።

የሳሪሱ፦
ቲቪውን አብርተኸዋል? ሃሃሃ።

ፔስት ይቀየር፦
ቴርማል ፔስቱ (ቺፑ ሙቀቱን እንዲያስወጣ የሚቀባው ቅባት) ደርቆ ነው። አስከፍተህ አስቀይር። የኔም አስቸግራኝ ነበር፣ ፔስት ስቀይር ለቀቀችኝ።

ጋሽ ቮልቴጅ፦
ልጆች፣ ዩዝድ ፓክድ እያላችሁ ዋናውን ነገር ዘላችሁታል። አገራችን 220 ቮልት ናት። ስሊሟን ገልብጣችሁ ጽሑፉን አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ይላል። ስለዚህ ከዱባይም ትምጣ ከአሜሪካ፣ የሶኬት ጫፍ ማስተካከያ ከተገኘላት ትሠራለች። ትራንስፎርመር ግዛ የሚልህን አትስማው። ችግሩ መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ሲመለስ አንዳንዴ ከልኩ በላይ ሆኖ ይመጣል፤ ዕቃ የሚቃጠለውም ያኔ ነው። ጨዋታው ሴቭ እያደረገ መብራት ድርግም ካለ ደግሞ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ይዘባረቃል። አንዳንዱ ፒኤስ ቤት አንድ ዲቫይደር ላይ ሁለት ቲቪ፣ ሁለት ፒኤስ፣ የውሃ ማፍያ፣ ላዩ ላይ የስልክ ቻርጀር ይሰካል! በኛ ጊዜ ሬዲዮ እንኳ ለብቻው ሶኬት ነበረው። መጀመሪያ ደህና ስታብላይዘር ግዛ። መብራት ሲሄድ ሁሉንም ንቀል። ሲመለስ ትንሽ ታገሥና ሰካ። ከዚያ በኋላ ነው ዩዝድ ይሁን ፓክድ የሚባለው።

ቀበና ዳገት፦
እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የቱን ልግዛ?

ባለ ብሎን፦
ገና አትግዛ። ቢፕ ካለችና ነጭ መብራት ካቆመች አልሞተችም። ሁለተኛዋ እየሠራች አይደል? የእሷን ኤችዲኤምአይ (ምስል ወደ ቲቪ የሚወስደውን) ገመድና የእሷን ቲቪ ለዚህችኛዋ ስጣት። ምስል ከመጣ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የቲቪው ነው።

ካልመጣ ሴፍ ሞድ (ችግር ሲኖር የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) አስገባት። መጀመሪያ ጨርሳ ትጥፋ፤ ሬስት ሞድ (እንቅልፍ) ላይ ሆና አይሆንም። ማብሪያውን ተጭነህ ያዝ። አንድ ቢፕ ትላለች፣ አትልቀቅ። ወደ 7 ሰከንድ አካባቢ ሁለተኛ ቢፕ ስትል ልቀቅ። ጆይስቲኩን በገመድ ሰካና የፒኤስ ምልክቷን ተጫን። ገመዱ ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርገው አይሠራም። እዚያ ላይ ምስል ከመጣ ጥፋቱ የሪዞሉሽን (የምስል ጥራት ልክ) ነው፤ 2ኛውን ምርጫ ንካ። እዚያም ጨለማ ከሆነ የስልክህን መብራት አብርተህ ወደ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ውስጥ እይ። 19 ቀጫጭን ፒን አለው። የጎበጠ ወይ የገባ ካለ አገኘኸው ማለት ነው።

የአቤል እናት፦
ይቅርታ፣ ቀበና ዳገት የምትለው ፒኤስ ቤቱ ድልድዩን ተሻግሮ ያለው ነው? አቤል ዳቦ ሊገዛ ከወጣ ቆይቷል።

የሳሪሱ፦
ማሚ፣ ልጅሽ ተራ እየጠበቀ ነው። ዳቦው ይደርሳል።

ቀበና ዳገት፦
እትዬ፣ አሁን ልኬዋለሁ። መንገድ ላይ ነው።

ኧረ በሕግ አምላክ፦
የጥያቄው መነሻ ራሱ ልክ አይደለም። እስቲ «አዲስ ፒኤስ 4» አሁን ከየት ይመጣል? ፒኤስ 4 ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፣ ስሊሙ በ2016። ፒኤስ 5 እንኳ ከ2020 ጀምሮ አለ። ዛሬ «ፓክድ» እየተባለ ከሚዞረው ብዙው ተከፍቶ፣ ተጠርጎ፣ ፕላስቲክ የለበሰ ዩዝድ ነው ባይ ነኝ። አንተ የያዝከው ምርጫ ዩዝድ መሆኑን በሚነግርህና በሚደብቅህ መሃል ነው። 18 ሺህ ብር ለካርቶን ልትከፍል ነው።

ጆይስቲክ አልሰጥም፦
ሁሉም አይደለም! ኦሪጅናል ፓክድ የሚያመጡ አሉ። የአክስቴ ልጅ ገዝቶ እስከ ዛሬ ንክች አላለችም።

ኧረ በሕግ አምላክ፦
ይኑሩ። እሱ እንዴት ይለያቸዋል? ይኸው መለያው፦ ካርቶኑ ላይ ያለው ሴሪያል ቁጥርና ማሽኗ ጀርባ ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት። አንድ ዲጂት እንኳ ከተለየ ተወው። ብሎኖቹን እይ፤ ጭንቅላታቸው የተፋቀ ከሆነ ተከፍታለች። የአየር መውጫውን በመብራት እይ፣ አዲስ ዕቃ አቧራ የለውም። የጆይስቲኩን ጎማ በጣትህ ዳብሰው፤ የላላ ወይ የተላጠ ከሆነ ሰው ጎል አግብቶበታል። ሳታይ ደግሞ ቀብድ የሚባል ነገር እንዳትልክ። «እስከ ማታ አይቆይም» የደላላ ሁሉ ቋንቋ ነው።

ፔስት ይቀየር፦
ፔስቱን ሞክረኸዋል?

አራት ኪሎ ማታ፦
የስታዲየሙ ልጅ «ጌም የተጫነበት» ያለህን ልብ በል። ሲዲ ሳይገባ የሚጫወት ከሆነ ጄልብሬክ (የአምራቹ የሶኒ ቁልፍ የተሰበረበት) ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት ላይ ካወጣኸው ሶኒ ሊያግደው ይችላል፤ አፕዴት ከነካህ ደግሞ የተጫነው ሁሉ አይከፍትልህም። ልጆቹ የዘንድሮ ዝውውር የገባበት ኤፍሲ (የኳስ ጌሙ) ካልሆነ አንጫወትም ሲሉህ ምን ልትል ነው?

የሳሪሱ፦
ለፒኤስ ቤት እኮ ጄልብሬክ ነው የሚያዋጣው። ማን ኦንላይን ይጫወታል? አጠገብ ለአጠገብ ቁጭ ብሎ መሰዳደብ ነው ጨዋታው። የተሸነፈ ይከፍላል፣ አለቀ።

አራት ኪሎ ማታ፦
እሱን አልኩ? እያወቀ ይግዛ ነው ያልኩት። «ሴቲንግ» ውስጥ ገብቶ የሲስተም ቨርዥኑን ይይ። 9.00 ወይም 11.00 ላይ ቆሞ ከሆነ ለጄልብሬክ ሆን ተብሎ የቆመ ሳይሆን አይቀርም። የሚከፍለው ዋጋም ይህን አስቦ ይሁን።

ቦሌ ሩጫ፦
ምን ፒኤስ 4 ላይ ትንጨረጨራላችሁ? ፒኤስ 5 ግዛና ተገላገል።

ባለ ብሎን፦
በምን ብር? ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ነገር ለገበያ ከተተወ ወዲህ የፒኤስ 5 ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃለህ። ብሩ ይኑረው እንበል። ያሉት የፒኤስ 4 ጆይስቲኮች የፒኤስ 5 ጌም ላይ አይሠሩም፤ ፒኤስ 5 ላይ የሚያገለግሉት የፒኤስ 4 ጌም ሲጫወት ብቻ ነው። ሲዲ ማስገቢያ የሌለውን ዲጂታሉን ከገዛ ያለው ሲዲ ሁሉ ጌጥ ይሆናል። የፒኤስ 5 ስሊሙ ላይ ሲዲ ማጫወቻውን ለብቻው መግጠም ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ሲገጠም ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኤፍሲ 26 ደግሞ ለፒኤስ 4ም ወጥቷል። ለአሁኑ ምን ቸገረው?

ቀበና ዳገት፦
ወንድሜ ባለ ብሎን፣ ገመድ ቀየርኩ፣ ቲቪ ቀየርኩ፣ ሴፍ ሞዱንም ሞከርኩ። ጨለማ ነው። በስልክ መብራት ሳየው ግን መሃል ላይ አንዷ ፒን ወደ ውስጥ ገብታለች። ልጆቹ ጨዋታው ሲሞቅ ገመዱን በጉልበት እየነቀሉ ወደ ትልቁ ቲቪ ያዛውሩታል። አሁን በመርፌ ላቃናት?

ባለ ብሎን፦
በመርፌ አትንካ! በተለይ ሶኬት ላይ እያለች። ሁለት ፒን ከተነካኩ ከኋላው ያለው የኤችዲኤምአይ ቺፕ ይሄዳል፤ ያኔ ሥራው ሌላ ነው። ቀዳዳው ራሱ ይቀየራል። በሆት ኤር (ትኩስ አየር በሚነፋ መሣሪያ) ተነቅሎ አዲስ ይበየዳል። እጁ የለመደ ሰው ጋ ውሰዳት፤ የሞባይል ቦርድ የሚሠሩት ብዙዎቹ ይችላሉ። ከመክፈቱ በፊት ዋጋ ተነጋገር፣ ፊትህ ይክፈት፣ ሃርድ ዲስኩን አውጥተህ ኪስህ ውስጥ ክተት። ስሊም ላይ ከኋላ በኩል ጥግ ላይ ያለችውን ክዳን ስታነሳ በአንድ ብሎን ይወጣል። የላፕቶፕ ዓይነት ነው፣ ባለ 2.5 ኢንች። የተጫነልህ ነገር ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው።

የዛሬውን ቅዳሜ ግን አያድንልህም። ሁለተኛ ማሽን የግድ ካልክ የስታዲየሙን እይ፤ የመርካቶውን ተው። ስትሄድ የራስህን ሲዲና የራስህን ገመድ ያዝ። ሲዲው ሳይንገጫገጭ ገብቶ ይውጣ። አንድ ሙሉ ጨዋታ ተጫወት፤ መሃል ላይ እጅህን ከኋላ አድርግ። የሚወጣው አየር ሞቅ ቢል ደንብ ነው፤ ማራገቢያዋ እንደ አውሮፕላን ከጮኸች ዋጋ አስቀንስ። ገመዱን ሰክተህ በቀስታ ነቅነቅ አድርገው፤ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ያንተኑ በሽታ ነው የምትገዛው። ጆይስቲኩን ሳትነካው ተጫዋቹ ለብቻው የሚሄድ ከሆነ አናሎጉ (በአውራ ጣት የሚገፋው) አልቋል። የሻጩ አካውንት እዚያው ፊትህ ይውጣ።

ጋሽ ቮልቴጅ፦
ስታብላይዘሩን እንዳትረሳ።

ቀበና ዳገት፦
ደላላው ቀብዱን ወደ ግማሽ አወረደው። የስታዲየሙ ልጅ ደግሞ ሌላ ሰው መጥቷል ይላል። በራይድ እየሄድኩ ነው፣ ሲዲና ገመድ ይዣለሁ።

ኧረ በሕግ አምላክ፦
«ሌላ ሰው መጥቷል» ካለህ ዋጋ ሊወርድ ነው። ቀስ በል።

ጆይስቲክ አልሰጥም፦
ብቻህን አትሂድ፣ ገንዘብም በእጅህ አትያዝ። በባንክ አስተላልፍ፣ እሱም ካየህ በኋላ።

የአቤል እናት፦
አቤል ደርሷል። ዳቦው የለም።

የሳሪሱ፦
ማሚ፣ ተሸንፎ ከፍሎበታል ማለት ነው።

አራት ኪሎ ማታ፦
ቀበና፣ ምን ሆነልህ? ቨርዥኑ ስንት ነው?

ፔስት ይቀየር፦
የገዛኸውንም ፔስቱን አስቀይረው፣ ዩዝድ ስለሆነ።

ካዛንቺስ የነበረ፦
አሁን ነው ያየሁት። ፒኗ የገባችው ማሽን ትሸጣለች? ለመለዋወጫ እፈልጋታለሁ። ማብሪያውና ሲዲ ማጫወቻው ደህና ከሆነ ዋጋህን ጻፍልኝ፤ እኔ ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ።