ለልጆቹ የጎልፍ ዱላ፦ የካርቶን ሙሉ ቦርሳ ወይስ ያገለገለ?

የቅዳሜ ተረኛ
ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርቱ በኋላ በር ላይ ቆመን ያልጨረስነውን ክርክር እዚህ እንጨርሰው። ላልነበራችሁ፦ ለልጆቹ ሰመር ያዋጣነው 1500 ዶላር አለ። ስምንት ልጆች፣ ከ12 እስከ 16 ዓመት፣ ጎልፍ መማር እንፈልጋለን ብለዋል። ሀሳቡ የራሳቸው ነው፣ እኛ አልገፋናቸውም። ግማሻችን አራት ሙሉ ሴት፣ ማለትም ዱላው ከነቦርሳው በአንድ ካርቶን ታሽጎ የሚሸጠውን፣ በ300 በ300 ዶላር ገዝተን ሁለት ሁለት ሆነው ይካፈሉ እንላለን። ግማሻችን ደግሞ ያገለገለ እየለቀምን ለእያንዳንዱ እናሟላለት ባይ ነን። የመሰላችሁን በግልጽ ተናገሩ፣ ግን ሰው አትዝለፉ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ
መጀመሪያ "ሙሉ ሴት" የሚለውን አጥፋልኝ። እናቴ እዚህ ግሩፕ ላይ አሉ። አሁን ደውለው "ምን ልትገዙ ነው?" አሉኝ።

የቅዳሜ ተረኛ
ይቅርታ እማማ። ሙሉ ቦርሳ እንበለው።

ሹፌሩ
እኔ ለካርቶኑ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስነዳ ከርሜ በአንዷ እሁዴ ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ የሰው አሮጌ ዱላ ልመርጥ አልችልም፣ ብመርጥስ ምኑን አውቄ? ካርቶኑ ውስጥ ሁሉም አለ። ሩቅ መምቻው ድራይቨሩ፣ ሀይብሪዱ፣ ባለ ቁጥር ብረቶቹ አይረኖቹ፣ ጉድጓድ ውስጥ ማስገቢያው ፑተሩ፣ ቦርሳው ከነመቆሚያ እግሩ። ከሬገን ኤርፖርት ጎልፈኛ ሳሳፍር ቦርሳውን የምጭነው እኔ ነኝ፣ ሁሉም የሚይዘው ሙሉ ነው፣ ግማሽ ይዞ የሚመጣ አላየሁም። በዚያ ላይ ድራይቨር ከተባለ እዚህ ግሩፕ ላይ ግማሹ ድራይቨር ነው።

ሂሳብ ያዥ
ቁጥሩን ላስቀምጥ። አራት ካርቶን 1200። የሜሪላንድ ታክስ 6 በመቶ፣ 72 ይጨመር። 1272 ሆነ። የሚተርፈን 228 ነው። ከዚያ ላይ ኳስ፣ ጓንት፣ ኳስ የሚቀመጥባት ቲ፣ ሬንጅ (መለማመጃው ቦታ) ላይ የሚመታ ባልዲ ኳስ። ሰመሩ ሳይጋመስ እንደገና "አዋጡ" ልትሉ ነው ማለት ነው። በበኩሌ ግን ጥያቄዬ ከዚህ በፊት ነው። ለምን ጎልፍ? እግር ኳስ አንዲት ኳስ ነው የሚፈልገው። ይሄ የሀብታም ጨዋታ ነው።

ያራተኛ ዓመቷ
ሰላም ለሁላችሁ። ሃይስኩል እያለሁ በቡድን ተጫውቻለሁ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ዓመት ነኝ። ሹፌሩ ጋሼ፣ እንዳይከፋዎት፣ ግን "ሁሉም አለ" የሚለው ላይ ካርቶኑ ትንሽ ያታልላል። ካላዌይ የሚባለው ካምፓኒ የሚሸጠውን ስትራታ ባለ 12ቱን እንውሰድ፣ ብዙ ጀማሪ የሚገዛው እሱን ነው። አባቴ ሲገዛልኝ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዘርግፌ ቆጠርኩት። ዱላው 9 ነው። 12 የሞላው ቦርሳው ተቆጥሮ፣ በዱላ ራስ ላይ የሚጠለቁት ሁለት ኮፍያዎችም ተቆጥረው ነው። ኮፍያ! ከአሸዋ የሚያወጣው ሳንድ ዌጅ ደግሞ የለበትም፣ እሱን የፈለገ ከፍ ያለውን ይገዛል፣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። የሌሎቹን ካምፓኒዎች፣ ዊልሰንም ሆነ ቶፕ ፍላይት፣ ስታዩ በካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር ትታችሁ ዱላዎቹን በስም ቁጠሩ።

መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። አይረኖቹ ከኋላ ሰፋ ብለው የተቦረቦሩ ናቸው፣ መሀል ላይ ባትመታውም ኳሷ ትሄድልሃለች። ለጀማሪ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ድራይቨሩም ቀለል ያለ ነው። ፑተሩ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ።

ሹፌሩ
አየሽ፣ አንቺም የጀመርሽው በካርቶን ነው!

ያራተኛ ዓመቷ
አዎ ጋሼ፣ አልክድም። ግን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከዘጠኙ የነካሁት ሦስቱን ነው። ሰባት ቁጥር አይረን፣ ለአጭር ምት የሚሆነው ፒቺንግ ዌጅ፣ ፑተር። አሰልጣኜ ድራይቨሩን እቤት ተይው አለችኝ፣ ምክንያቱም ጀማሪ በድራይቨር ሲመታ ኳሷ ወደ ቀኝ ተጠማዛ ዛፍ ውስጥ ነው የምትገባው፣ ከዚያ ልጁ ጥፋቱን ለማካካስ እጁን ማጣመም ይለምዳል፣ ያንን ማስተው ዓመት ይፈጃል።

የግራኙ አባት
ማንም አልጠየቀኝም እንጂ ልጄ ግራኝ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይካፈሉ ስትሉ የኔ ልጅ ከማን ጋር ነው የሚካፈለው? ጓንት አይደል ገልብጠው አያጠልቁት። ሱቅ ሄጄ አይቻለሁ። የቀኝ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ የግራኝ ማዕዘን ላይ አንዲት ካርቶን። እሷም ለቁመቱ አትሆንም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ
እኔ አንድ ነገር ልናገር፣ ትንሽ ይረዝማል። ያገለገለ ያገለገለ ስትሉ ልጆቹን ጠይቃችኋል? እኛ በሳልቫጅ አድገናል፣ ምንም አልሆንንም፣ እሺ። ግን ልጄ እዚያ ሜዳ ላይ ስትቆም፣ ከጎኗ ያሉት ሁሉ አዲስ ይዘው፣ የሷ እጀታው የተላጠ ሲሆን፣ እኔ ሳልሆን እሷ ናት የምታፍረው። እዚህ አገር ያለ ልጅ ይሄንን ያያል።

ደግሞ በቅናሽ ተብሎ የሚገዛ ነገር አስፈርቶኛል። ባለቤቴ ዓምና ኢንተርኔት ላይ ከማይታወቅ ሻጭ፣ ስም ያለው ድራይቨር ነው ተብሎ፣ በ90 ዶላር ገዛ። ሲመጣ አብረን አየነው፣ ጽሑፉ ጠርዙ ላይ ደብዘዝ ብሏል፣ ቀለሙም ከፎቶው ጋር አልገጠመም። "መብራቱ ነው" አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሬንጅ ላይ ሲመታ የዱላው ራስ ከኳሷ ቀድሞ በረረ። እጁ ላይ የቀረው ዘንጉ ብቻ ነው። ሰው ቢመታስ ኖሮ? ሻጩ ስልኩንም አጥፍቷል፣ ገጹንም ዘግቷል።

ሹፌሩ
ራሱ የበረረው ድራይቨር እኔ ብሆን ኖሮ ፈቃዴን ይነጥቁኝ ነበር።

ሽበቱ
ልጆች፣ ሳነብ ቆይቼ ነው። ጣቴ ቀርፋፋ ነው፣ ታገሱኝ።

ሂሳብ ያዡ "የሀብታም ጨዋታ" አልክ። የሀብታም የሆነ አለ፣ ልክ ነህ። ግን እኛ ያለንበት ከተማ ታሪክ ሌላ ነው። ዲሲ ውስጥ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ላንግስተን የሚባል ሜዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1939 በዘጠኝ ጉድጓድ የተከፈተው ጥቁሮች ሌላው ሜዳ ላይ እንደ ሰው ስለማይስተናገዱ ነው። በ1937 ዌክ ሮቢን ብለው ክለብ ያቋቋሙ ጥቁር ሴቶች ነበሩ፣ ለመንግሥት ማመልከቻ እየጻፉ ወጥረው ከያዙት ውስጥ እነሱ አሉበት። በ1941 ጥቁሮች እዚያው ዲሲ ኢስት ፖቶማክ የሚባል ሜዳ ገብተው ሲጫወቱ ነጮች ተሰብስበው ይጮሁባቸው ነበር፣ የኢንቲርየር (የመንግሥት መሬትና ፓርክ) ሚኒስትሩ ሀሮልድ ኢክስ ግን ሜዳው የሕዝብ ነው፣ ይጫወታሉ ብሎ ጸና። ስለዚህ ልጆቹን ወደዚያ ስንወስድ የሰው ጓሮ ዘለን አይደለም።

እኔ እዚያ የገባሁት ፓርኪንግ ስሠራ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበር፣ ሰኞ ሰኞ ዕረፍታችን ነው፣ ና ብሎ ወሰደኝ። ስድስት ዱላ ሰጠኝ። ሰባት ቁጥሩ እጀታው ተቀዶ በቴፕ ተጠቅልሏል፣ በሙቀት ቴፑ ይቀልጥና መዳፌ ላይ ይጣበቅ ነበር። ሁለት ዓመት በዚያ ተጫወትኩ። ሲጀመር የገና ዱላ ከዛፍ ቆርጠን፣ ጫፉን በእሳት አጉብጠን፣ ሩር ስናሯሩጥ ያደግን ሰዎች ነን። ማን ነው "ሙሉ ካልሆነ አይመታም" ያለን?

ሕጉም 14 ዱላ ያዝ አይልም። ከ14 አትብለጥ ነው የሚለው። አሜሪካኖቹ ገደቡን በ1938 ያወጡት ሰዉ ከ20 በላይ እያሸከመ ስላስቸገረ ነው። በአራት ዱላ ብትመጣ ማንም አይመልስህም።

አንድ የሚመልስህ ነገር ግን አለ፣ እሱን ማንም አላነሳም። ብዙ ሜዳ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ቦርሳ መጫወት አይፈቀድም። እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ ይላሉ፣ ጨዋታው እንዳይጓተት። ስለዚህ አራት ካርቶን ለስምንት ልጅ የሚለው ሬንጅ ላይ ይሠራል፣ ሜዳ በር ላይ ይቆማል።

ሂሳብ ያዥ
ጋሼ፣ ይሄንን አላውቅም ነበር። የሀብታም ያልኩትን አንስቻለሁ። ሂሳቡን አላነሳሁም።

ሹፌሩ
እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ያገለገለ ሱቅ ገብቼ ምኑን አይቼ ነው የምገዛው? ሌላ ሰው አርጅቶበት የጣለው ቢሆንስ?

ሽበቱ
አራት ነገር ነው የማየው። የዱላውን ራስ ጆሮህ ጋ አድርገህ ነቅንቀው፣ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ መልሰህ ስቀለው። የካርቦን ዘንግ ከሆነ ከራሱ ጋር የሚገናኝበትን በጥፍርህ ዳስሰው፣ ስንጥቅ ካለ ያ ነው የሚበረው። ፊቱ ላይ ያሉትን መስመሮች በጥፍርህ አስኪድ፣ ጥፍርህ ካልያዘ አልቋል። እና ቀጭን፣ ከኋላው ጠፍጣፋ የሆነ የድሮ አይረን ካየህ፣ ምንም ቢያምር፣ ምንም 3 ዶላር ቢሆን፣ አትንካው። እሱ መምታት ለሚችል ሰው ነው። መሀሉን ከሳተ ልጁን እስከ ክርኑ ነው የሚነዝረው፣ ተመልሶም አይመጣም።

እጀታው መላጡ ምንም አይደለም። ከነመግጠሚያው ከ10 እስከ 15 ዶላር ያስቀይሩታል። አዲስ እጀታ ከገባበት ልጅቷም አታፍርም፣ ሲልቨር ስፕሪንጓ፣ ቀለሙን ራሷ ትምረጥ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ
እሱ ይሻላል። ሮዝ እንደምትል ከአሁኑ ልንገራችሁ። ግን ሻጩን በአካል የማላየውን ነገር አልገዛም፣ እዚህ ላይ አልደራደርም።

ያራተኛ ዓመቷ
እኔም ልጨምር። የ12 እና የ13 ዓመቶቹን ከትልልቆቹ ጋር አትደባልቁ። ለአጭር ልጅ የአዋቂ ዱላ ቆርጠው ሲሰጡት ርዝመቱ ይስተካከላል፣ ክብደቱ ግን ያው ነው፣ መጥረቢያ እንደመወዝወዝ ነው። ዩኤስ ኪድስ የሚባለው በዕድሜ ሳይሆን በቁመት ነው የሚሸጠው፣ በየ3 ኢንች ልዩነት። ያደገው ለታናሹ ያስተላልፋል። ለትልልቆቹ ሴቶች ደግሞ ቀለል ያለና የሚታጠፍ ዘንግ ፈልጉ፣ የወንድሞቻቸውን ትርፍ አትስጧቸው። እኔ የወንድሜን ተሰጥቶኝ ትከሻዬን ነው የታመምኩት።

ደግሞም መጀመሪያ ዱላ ሳይገዛ መሞከር ይቻላል። ፈርስት ቲ የሚባል ድርጅት ለልጆች የጎልፍ ትምህርት ይሰጣል፣ ትምህርቱ ላይ ዱላ ያውሱናል። ዩዝ ኦን ኮርስ የሚባል ድርጅት አባል የሆነ ልጅ ደግሞ አብረዋቸው በሚሠሩ ሜዳዎች ላይ በ5 ዶላር ወይም ከዚያ ባነሰ ይጫወታል። ገንዘቡን ሁሉ ብረት ላይ ካፈሰስነው ሜዳ የሚገቡበት ያጣሉ።

የቅዳሜ ተረኛ
በሐቅ እንነጋገር፣ እኔ ቅዳሜ ስመጣ ለካርቶኑ ነበርኩ። አሁን የያዝኩት ይሄ ነው። የቆጠርነው ዕቃውን ነው፣ ልጆቹን አልቆጠርንም። አንዱ ግራኝ፣ ሁለቱ ገና ሊመዘዙ ያሉ፣ ሦስቱ ሴቶች፣ ሁለቱ ከኔ የሚረዝሙ። አራት አንድ ዓይነት ካርቶን ከስምንቱ ለስንቱ ይሆናል? ለሁለቱ ረጃጅሞች ብቻ ነው በደንብ የሚሆነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አራት አራት ዱላ፣ ሰባት ቁጥር፣ አንድ ዌጅ፣ አንድ ሀይብሪድ፣ ፑተር፣ ያገለገለ፣ በአካል ታይቶ። ለአንድ ልጅ ከ100 ዶላር አይለፍ። ቀሪው ለሜዳና ለኳስ።

ሂሳብ ያዥ
800። 700 ይተርፋል። እኔ ደግፌያለሁ።

የግራኙ አባት
የኔን ለብቻ እፈልጋለሁ፣ የግራኝ ፑተር ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ልዩነት ካለው ከኪሴ እጨምራለሁ።

ሹፌሩ
እኔ አሁንም አልተስማማሁም፣ ይመዝገብልኝ። 32 ዱላ ማን ነው የሚለቅመው? አንድ ካርቶን ቢገዛ አሥር ደቂቃ ነው። እናንተ ሁለት ወር ስትለቅሙ ሰመሩ ያልቃል፣ ልጆቹም ሀሳባቸውን ወደ ቅርጫት ኳስ ይቀይራሉ፣ ያኔ አላየሁም አልሰማሁም እንዳትሉኝ።

ሽበቱ
እሱ ያለው ውሸት የለውም። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። እሁድ ዱላውን እኔ አይልሃለሁ፣ አንተ ትነዳለህ። ሦስት ሱቅ ብቻ። ያላገኘነውን፣ ለረጃጅሞቹ አንድ ካርቶን ገዝተን እናሟላለን።

ሹፌሩ
እንግዲህ ድራይቨሩ ተገኘ።

ሂሳብ ያዥ
ከእሁድ በፊት የእያንዳንዱ ልጅ ቁመት በጫማና በኢንች፣ ቀኝ ይሁን ግራ፣ እዚህ ይጻፍ። ጫማቸውን አውልቀው ይለኩ። ያልጻፈ ወላጅ ልጁ ፑተር ብቻ ይደርሰዋል።

የግራኙ አባት
5 ከ4። ግራ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ
5 ከ2፣ ቀኝ። በፀጉሯ ጭምር ካላችሁ 5 ከ5።